ኮሚክን በአሮጌ ኪንድል ለማንበብ፦ ከሲቢዜድ ወደ ሞቢ

ዘመድ ከውጭ ያመጣልዎት አሮጌ ኪንድል ካለዎት አይጣሉት። ዋይፋዩን ዘግተው ከተጠቀሙበት ባትሪው ለሳምንታት ይቆያል፤ ስክሪኑ በአሶሳ የቀትር ፀሐይ ላይም ጥርት ብሎ ይነበባል፤ መብራት ቢጠፋ ንባብዎ አይቋረጥም። ችግሩ የሚመጣው ኮሚክ ሊጭኑበት ሲሞክሩ ነው። ኮሚኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ሲቢዜድ ወይም ሲቢአር በሚባል ፋይል ነው፤ ኪንድል ደግሞ ሁለቱንም አይከፍትም። የሚፈልገው ሞቢ የተባለውን የቆየ የኢመጽሐፍ ዓይነት ነው። ይህ መመሪያ ቅየራውን ያለ ኢንተርኔት፣ በአንድ ተራ ላፕቶፕ እንዴት እንደሚሠሩት ያሳያል።

ለአማርኛ አንባቢ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። አሮጌ ኪንድል የአማርኛ ልቦለድ ሲሰጡት በፊደላቱ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ሊደረድር ይችላል፤ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ላይኖረው ይችላልና። የኮሚክ ገጽ ግን ሥዕል ነው። ፊደሉ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ስለሰፈረ መሣሪያው ፊደል ባያውቅም ያሳየዋል። ለቤርታኛ፣ ለጉሙዝኛ፣ ለሺናሽኛ፣ ለማኦኛና ለኮሞኛ ታሪኮችም እንዲሁ ነው፤ የትኛውም ቋንቋ በየትኛውም ፊደል ይጻፍ፣ ሥዕል እስከሆነ ድረስ ይከፈታል። የሚያስቸግረው የፊደሉ መጠን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች 5ኛውን ከሁሉም አስበልጠው ያንብቡት።

ደረጃ 1፦ መሣሪያዎ የትኛው እንደሆነ ይለዩ

ኪንድል ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሞቢም የድሮና አዲስ ዓይነት አለው፤ የሚመርጡት መንገድ በዚህ ይወሰናል። ሴቲንግስ ውስጥ ይግቡና የሶፍትዌሩን ቁጥር ይመልከቱ። ከሥሩ የፊደል ቁልፎች ያሉት ኪንድል ኪቦርድ ከሆነና ቁጥሩ በ3.4 የሚጀምር ከሆነ አዲሱን የሞቢ ዓይነት ይቀበላል። ከእሱ በኋላ የወጡት፣ ማለትም ኪንድል ተች፣ ፔፐርዋይትና የመሳሰሉት፣ ይቀበሉታል። ኪንድል 2 እና ትልቁ ኪንድል ዲኤክስ ግን የድሮውን ሞቢ ብቻ ነው የሚያውቁት።

የስክሪኑን መጠንም ይጻፉ። ኪንድል 2፣ ኪንድል ኪቦርድና ኪንድል ተች ሦስቱም ወርዱ 600፣ ቁመቱ 800 ፒክሰል የሆነ ስክሪን አላቸው፤ የሚያሳዩትም 16 የግራጫ ደረጃ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፔፐርዋይት 758 በ1024 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሦስተኛው ፔፐርዋይት ደግሞ 1072 በ1448 ይደርሳል። እነዚህን ቁጥሮች ሳያውቁ የሚሠሩት ቅየራ ሁሉ ግምት ነው።

ደረጃ 2፦ ለመቀየር መብት ያለዎትን መጽሐፍ ይምረጡ

እ.ኤ.አ. በ2018 ኤታን ኮሚክስ ያወጣው «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተዘጋጀ የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ኮሚክ ነው። እንዲህ ያለውን ገዝተው ለራስዎ ንባብ በመሣሪያዎ ልክ ማዘጋጀት አንድ ነገር ነው፤ የቀየሩትን ፋይል በቴሌግራም ለመቶ ሰው መበተን ግን ሌላ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥዕል ሠሪውም ለጸሐፊውም ይሠራል። በአገራችን ኮሚክ የሚሠሩ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ገቢያቸውን ከቀማናቸው ቀጣዩ ቅጽ አይወጣም።

በነፃ የሚታደል ከፈለጉ አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨር በክፍት ፈቃድ የሚሰጧቸው ሥዕላዊ የልጆች መጻሕፍት አሉ፤ አማርኛም ይገኝባቸዋል። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የፈቃዱ ዓይነት ስለሚጻፍ ያንን ያንብቡ። አንዳንዱ ለንግድ እንዳይውል ብቻ ይከለክላል።

ሦስተኛው ምንጭ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ባምባሲ ወይም ሆሞሻ የሚያስተምሩ መምህር ከሆኑና በአካባቢው ቋንቋ የሥዕል ታሪክ በወረቀት ካዘጋጁ፣ ገጾቹን በስልክዎ ፎቶ አንስተው በዚሁ መንገድ መጽሐፍ ማድረግ ይችላሉ። ፎቶውን ከቤት ውጭ በጥላ ሥር፣ ፍላሽ ሳያበሩ፣ ስልኩን ከወረቀቱ በላይ በቀጥታ ይዘው ያንሱ። ከጎን የተነሳ ገጽ አንዱ ዳር ስለሚጠብ ፊደሉ ይጣመማል።

ከአማዞን ወይም ከሌላ መደብር በቁልፍ ተቆልፎ የተሸጠ ኮሚክ በዚህ መንገድ አይቀየርም። ከመግዛትዎ በፊት ፋይሉ ሳይቆለፍ የሚሰጥ መሆኑን ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ፕሮግራሞቹን አንድ ጊዜ አውርደው በፍላሽ ያስቀምጡ

«ፋይልዎን ይጫኑ፣ ቀይረን እንመልስልዎ» የሚሉ ድረ ገጾችን አልመክርም። 80 ሜጋባይት ያለውን ኮሚክ ልኮ ተቀይሮ ሲመጣ እንደገና ማውረድ የኢንተርኔት ጥቅልዎን ይበላል፤ ኔትወርኩ መሀል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራሉ። የፊደሉን መጠን የሚያስተካክሉበት ዕድልም አይሰጡዎትም።

በዋናነት የሚያስፈልጉዎት ሦስት ነፃ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ፋይል ለመፍታት ደግሞ ሰቨን ዚፕን ይጨምሩ። ካሊበር መጻሕፍትን ያደራጃል፣ ይቀይራል። ኪንድል ኮሚክ ኮንቨርተር፣ በአጭሩ ኬሲሲ፣ ለኮሚክ ብቻ የተሠራ ነው። ኤክስኤንኮንቨርት ብዙ ሥዕሎችን ባንዴ ይቆርጣል፣ ያዞራል። ኬሲሲ ሞቢ ለማውጣት ኪንድልጄን የተባለ የአማዞን መሣሪያ ይፈልጋል፤ እሱ ብቻውን መታደል ስለቀረ ኪንድል ፕሪቪየወር 3ን ሲጭኑ አብሮ ይገባል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ኬሲሲን ጭነው ሞቢ የሚለው ምርጫ እምቢ ካላቸው ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስላቸዋል፤ የጎደለው ኪንድልጄን ነው።

ሁሉንም ባንድ ላይ ሲያወርዱ በብዙ መቶ ሜጋባይት የሚቆጠር ነው። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም መምህር ከሆኑ በግቢው ኔትወርክ፣ ካልሆኑ ኔትወርክ በማይጨናነቅበት በሌሊት ያውርዱት። ከዚያ መጫኛዎቹን በፍላሽ ይያዙ። ለኩርሙክ ወይም ለሸርቆሌ ጓደኛዎ እንደገና ማውረድ አያስፈልገውም። ላፕቶፕዎ አሮጌ፣ ባለ 32 ቢት ከሆነ አዲሱ ካሊበር አይጫንም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የመጨረሻው የሚሆነው 5.44 ነው።

ፍላሹን ከሌላ ኮምፒውተር ሲቀበሉ በጸረ ቫይረስ ይፈትሹት። ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ ኪንድልንም እንደ ማንኛውም ፍላሽ ያየዋል።

ደረጃ 4፦ ፋይሉን ፈትተው ገጾቹን ይቁጠሩ

ሲቢዜድ ማለት የገጽ ሥዕሎች በዚፕ የታሸጉበት ፋይል ነው፤ ከዚያ ያለፈ ምሥጢር የለውም። ሲቢአር ደግሞ በራር የታሸገ ነው። ሰቨን ዚፕ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሁለቱንም ወደ ፎልደር ይፍቱ። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ኮፒውን ይጠቀሙ።

ፎልደሩ ሲከፈት የገጾቹን ስም ይመልከቱ። 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ከተሰየሙ አንዳንድ ፕሮግራም ከ1 ቀጥሎ 10ን፣ ከዚያ 11ን ያመጣል፤ 2ኛው ገጽ ከ19ኛው በኋላ ይሰለፋል። አንባቢ ታሪኩ የተምታታ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁሉንም 001፣ 002፣ 003 ብለው በሦስት አሐዝ ይሰይሙ። ኤክስኤንኮንቨርት ሲያወጣ ቁጥሩን ራሱ ይሰጣል። የማስታወቂያ ገጾችና የተደጋገሙ ሽፋኖች ካሉ አሁን ያስወግዱ፤ የጸሐፊውና የሠዓሊው ስም ያለበትን ገጽ ግን አይንኩ።

መጽሐፉ ፒዲኤፍ ከሆነ በቀጥታ በካሊበር ወደ ሞቢ አይቀይሩት። ጽሑፉንና ሥዕሉን ነጣጥሎ ይበታትነዋል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ ወደ ሥዕል ይቀይሩ፤ ከዚያ እንደማንኛውም ኮሚክ ይቀጥሉ።

ደረጃ 5፦ ፊደሉ እንዲነበብ ገጹን ይቁረጡ

መላው ሥራ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነው። ገጹ 2000 በ3000 ፒክሰል የሆነ፣ በንግግር አረፋው ውስጥ ያለው ፊደል 40 ፒክሰል ቁመት ያለው ኮሚክ አለዎት እንበል። ገጹ ሙሉውን በ600 በ800 ስክሪን ላይ ሲገባ 3000ው ወደ 800 ይወርዳል፤ የፊደሉም ቁመት ወደ 11 ፒክሰል ይቀንሳል። የላቲን ፊደል በዚህ መጠን እንደምንም ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «ረ»ን ከ«ሪ» የሚለይባት ጭረት በ11 ፒክሰል ውስጥ ትዋጣለች። ለእንግሊዝኛ አንባቢ የተጻፉ መመሪያዎችን ተከትለው የቀየሩት የአማርኛ ኮሚክ ዓይን የሚያደክመው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ገጹን ከመሀል አግድም ቆርጦ ሁለት ማድረግና እያንዳንዱን ግማሽ ወደ ጎን ማዞር ነው። አንዱ ግማሽ 2000 በ1500 ይሆናል። በ90 ዲግሪ ሲዞር በ600 በ800 ስክሪን ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፤ 2000ው ወደ 800 ስለሚወርድ የፊደሉ ቁመት 16 ፒክሰል ይሆናል። ከ11 ወደ 16 ማለት ፊደል ከመገመት ወደ ፊደል ማንበብ መሸጋገር ነው። ኪንድሉን አግድም ይዘው ያነባሉ። የመሣሪያውን የስክሪን አቅጣጫ መቀየር አያስፈልግም፤ ሥዕሉ ራሱ ዞሯልና።

ከመቁረጥዎ በፊት የገጾቹን ባዶ ዳር ያስወግዱ። ዙሪያውን ያለው ነጭ ጠርዝ ለፊደሉ የሚሆነውን ፒክሰል ነው የሚወስደው።

በኤክስኤንኮንቨርት እንዲህ ይሥሩ። የገጾቹን ፎልደር ያስገቡ፤ አክሽንስ በሚለው ክፍል መጀመሪያ ክሮፕ ይጨምሩና የላይኛውን 1500 ፒክሰል እንዲይዝ ያድርጉ፤ ቀጥሎ የ90 ዲግሪ ማዞሪያ ይጨምሩ። ሲያወጣ በስሙ መጨረሻ ላይ የላቲኗን ትንሿን ኤ እንዲጨምር ያዙት። ከዚያ ያንኑ ለታችኛው ግማሽ ይድገሙና በቢ ያስጨርሱት። ሁለቱንም ውጤት አንድ ፎልደር ውስጥ ሲያስገቡ እያንዳንዱ ገጽ የላይኛው፣ ከዚያ የታችኛው እየሆነ ራሱ ይደረደራል። ሁለቱንም ግማሾች ወደ አንድ አቅጣጫ ያዙሩ፤ አለበለዚያ አንባቢዎ ገጽ በገለጠ ቁጥር ኪንድሉን ሲገለብጥ ይውላል።

ማሽን ግን ፍሬሙ የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ቁመቱ ሙሉ ገጽ የሆነ ትልቅ ሥዕል ወይም መሀል ላይ የተቀመጠ አረፋ ካለ መቁረጫው ያልፍበታል። ስለዚህ የተቆረጡትን በጥፍር አክል ምስል እየዘረጉ ይመልከቱ፤ አረፋ የተሰነጠቀበትን ገጽ ለብቻው በእጅ ይቁረጡት። በብዙ ገጽ መካከል እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ሰዓቱን ቢሰጡት አይቆጭም። ጽሑፍ የሌለበትን ሙሉ ገጽ ሥዕል ደግሞ ጨርሶ አይቁረጡት።

ፔፐርዋይት 3 ላለው ይህ ሁሉ ላያስፈልገው ይችላል፤ በ1448 ቁመት ያው ፊደል ሳይቆረጥም 19 ፒክሰል ይደርሳል።

ደረጃ 6፦ ቀለሙን ወደ ግራጫ ሲያወርዱ ንባቡን ይፈትሹ

ኮሚክዎ ባለቀለም ከሆነ ቀይና አረንጓዴ በግራጫ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። በቀይ ጀርባ ላይ በአረንጓዴ የተጻፈ የድምፅ ቃል እዚያው ይጠፋል። በኤክስኤንኮንቨርት ግሬይስኬልን ሲጨምሩ በመጀመሪያ ሦስት አራት ገጾች ላይ ብቻ ይሞክሩ። ደብዛዛ ከሆነ ጋማውን ዝቅ፣ ኮንትራስቱን ትንሽ ከፍ ያድርጉ። የኪንድል ስክሪን ከላፕቶፕ ስክሪን ይልቅ ፈዛዛ ነው፤ በላፕቶፕ ላይ ጥቂት የጠቆረ የሚመስለው በኪንድል ላይ ልክ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ወደ ሞቢ ይቀይሩ

ላፕቶፑ ቻርጅ ያለው መሆኑን አይተው ይጀምሩ። መሀል ላይ መብራት ሄዶ ማሽኑ ቢጠፋ ሥራው ይቋረጣል፤ እንደገና መጀመር ይኖርብዎታል።

ኪንድል ኪቦርድ ባለ 3.4ም ሆነ ከዚያ በኋላ የወጣ ካለዎት ኬሲሲን ይጠቀሙ። ፎልደሩን ያስገቡ፣ ከመሣሪያዎች ዝርዝር የእርስዎን ይምረጡ፣ የሚወጣውን ሞቢ ያድርጉት። መሣሪያውን ሲመርጡ የስክሪኑ መጠን ራሱ ይስተካከላል፤ ገጹም ያለ ነጭ ዳር ስክሪኑን ሞልቶ ይታያል። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሥዕል ካለ እንዲከፈል ወይም እንዲዞር መምረጥ ይችላሉ፤ እኔ መዞሩን እመርጣለሁ፤ የተከፈለ ሥዕል ውበቱን ያጣል።

አሶሳ ላይ በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ምርጫ አለ። በከተማዋና በሱዳን ድንበር አካባቢ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ብዙ ነው፤ የዐረብኛ ኮሚክ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ኬሲሲ ላይ ማንጋ ሞድ ወይም ራይት ቱ ሌፍት ሞድ የሚለውን ያብሩ፤ ማንጋ የተባለው የጃፓን ኮሚኮችም በዚያው አቅጣጫ ስለሚነበቡ ነው። ካሊበር ላይ ደግሞ ራይት ቱ ሌፍት ይባላል። ሳያበሩት ከቀየሩ የተከፈሉት ሰፋፊ ገጾች ተገለባብጠው መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይመጣል። ለአማርኛ መጽሐፍ ማጥፋትዎን አይርሱ፤ ፕሮግራሙ የባለፈውን ምርጫ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ኪንድል 2 ወይም ዲኤክስ ካለዎት መንገዱ ካሊበር ነው። የተዘጋጀውን ፎልደር መጀመሪያ በሰቨን ዚፕ ዚፕ ያድርጉና የስሙን መጨረሻ ከዚፕ ወደ ሲቢዜድ ይቀይሩት። ካሊበር ላይ አድ ቡክስ ብለው ያስገቡ፤ ኮንቨርት ቡክስ ይጫኑ፤ አውትፑት ፎርማቱን ሞቢ ያድርጉ። ሞቢ አውትፑት በሚለው ገጽ የፋይሉ ዓይነት ኦልድ መሆኑን ያረጋግጡ። ኮሚክ ኢንፑት በሚለው ገጽ ደግሞ ሥዕሉ ላይ ምንም ሥራ እንዳይሠራ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ። እርስዎ ያስተካከሉትን ካሊበር እንደገና ካሳነሰው በ5ኛው ደረጃ የደከሙበት ይባክናል።

የድሮው ሞቢ በገጹ ዙሪያ ነጭ ዳር ስለሚተው ሥዕሉ በመጠኑ ያንሳል። በኪንድል 2ም ሆነ በኪንድል ኪቦርድ ከዚህ የሚሻል፣ ቅየራም የማይጠይቅ መንገድ አለ። ኪንድሉን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተው ዋናው ማውጫ ላይ በላቲን «ፒክቸርስ» የሚል ፎልደር፣ በውስጡ የመጽሐፉን ስም የያዘ ሌላ ፎልደር ይፍጠሩና ሥዕሎቹን ያስገቡ። ኪንድሉን ነቅለው ዋናው ገጽ ላይ እያሉ አልትና ዜድ ቁልፎችን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ፎልደሩ እንደ መጽሐፍ ይመጣል።

የመጽሐፉን ርዕስ በፋይሉ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፉ። ገጹ ውስጥ ያለው ፊደል ሥዕል ቢሆንም የዝርዝሩ ርዕስ ጽሑፍ ነው፤ አሮጌው ኪንድል ሳጥን ሊያደርገው ይችላል።

ደረጃ 8፦ በኬብል ይጫኑ፣ በመሣሪያው ላይ ያረጋግጡ

በኢሜይል ወደ ኪንድል መላክን አይሞክሩት፤ አማዞን ሞቢን በዚያ መንገድ መቀበል አቁሟል። በኬብል የገባ ሞቢን ግን መሣሪያው እስካሁን ይከፍታል። ኬብሉ ዳታ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት። ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ኬብሎች አንዳንዶቹ ቻርጅ ብቻ ያደርጋሉ፤ ኪንድሉ ቻርጅ እያደረገ ላፕቶፑ ካላየው መጀመሪያ ኬብሉን ይቀይሩ።

ፋይሉን «ዶክዩመንትስ» ወደሚለው ፎልደር ኮፒ ያድርጉ። ሳይነቅሉ በፊት ኢጀክት ይበሉ። ብዙ መጽሐፍ ባንዴ ከጫኑ ኪንድሉ ለመዘርዘር ስለሚሠራ ባትሪው በመጀመሪያው ቀን በፍጥነት ይወርዳል፤ ተበላሽቷል ብለው አይደንግጡ፣ ቻርጅ አድርገው ይጫኑ።

ከዚያ ቁጭ ብለው ይመልከቱት፦ የመጀመሪያውን፣ የመጨረሻውንና መሀል ላይ ከሁሉ ትንሽ ፊደል ያለበትን ገጽ። የገጾቹ ብዛት ቆርጠው ካዘጋጁት ጋር እኩል መሆኑን ያረጋግጡ። ትንሿ ፊደል ካልተነበበች ወደ 5ኛው ደረጃ ይመለሱና ያንን ገጽ አግድምም ቁልቁልም ቆርጠው አራት ቦታ ያድርጉት፤ ሩቦቹን ግን አያዙሯቸው። ለልጆች ከሆነ ደግሞ አንድ ልጅ ድምፁን አሰምቶ እንዲያነብልዎ ያድርጉ፤ የሚደናቀፍበት ቦታ የሚስተካከለውን ገጽ ያሳይዎታል።

ያልተቆረጡትን ዋና ሥዕሎች አይሰርዙ፣ በተለይ በአካባቢው ቋንቋ እርስዎ ራስዎ ያዘጋጁትን። በ600 በ800 የወጣው ሞቢ ለዚያ መሣሪያ ብቻ የተሰፋ ስለሆነ ነገ ትልቅ ስክሪን ሲመጣ ከእሱ ተነሥቶ ማሳደግ አይቻልም። አንዱን ቅጂ በላፕቶፕዎ፣ አንዱን ሌላ ቤት በሚቀመጥ ፍላሽ ላይ ያኑሩ።